ስለ ገንዘብ ስምና ምልክት

በአንዳንድ የአማርኛ ጽሑፎች፣ በተለይም በዋጋ ዝርዝርና በደረሰኝ ላይ፣ «ብር» በሚለው ቃል ፈንታ ሁለት የላቲን ፊደላት ተጽፈው እናያለን። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም በዝምታ ልናልፈው አልወደድንም፤ የገንዘብ ስም ሕዝብ በአፉ የሚናገረው ቃል እንጂ የሒሳብ ሠራተኞች ምልክት ብቻ አይደለምና።

ብር አስቀድሞ የማዕድን ስም ነው። አባቶቻችን የማሪያ ቴሬዛ መልክና 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበትን ጠገራ «ብር» ባሉት ጊዜ፣ የንግሥቲቱን መልክ ትተው በእጃቸው የሚመዝኑትን ነገር መጥራታቸው ነበር። በዚህም ብቻቸውን አይደሉም። የእንግሊዝ ፓውንድ ምልክት፣ ሰረዝ የተጋደመበት «ኤል»፣ «ሊብራ» ከተባለው የላቲን የሚዛን ስም የመጣ ነው፤ የህንዱም ሩፒ ስሙን ያገኘው ከብር ነው።

የሚያስገርመው ግን የዶላር ነገር ነው። እ. ኤ. አ. በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ በአማርኛ «ብር»፣ በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ዶላር» ተባለ፤ ሁለቱም ስሞች እስከ 1976 ድረስ አብረው ኖሩ። እኛም ዶላርን ፈጽሞ ባዕድ ነው ልንል ቸኩለን ነበር። ነገር ግን «ዶላር» ከ«ታለር» የተወለደ ቃል ነው፤ ታለርም ስሙን የወሰደው በቦሄሚያ ዮአኪምስታል ከሚባለው፣ ብር ከሚቆፈርበት ሸለቆ ሲሆን፣ የማሪያ ቴሬዛው ጠገራ ራሱ ታለር ነበር። እንግዲህ ስሙ ዘመድ ነው። ምልክቱ ግን ከሌላ ወገን ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር ያለፈበት «ኤስ»፣ ብዙዎች ሊቃውንት እንደሚስማሙበት፣ በስፓኝ አሜሪካ «ፔሶ» የሚለው ቃል በአጭሩ ሲጻፍ ፊደላቱ ተደራርበው የተገኘ ነው።

የስም ዕድሜ ከገንዘቡም ይረዝማል። በ1945 አንድ ብር በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይመነዘር ስለ ነበረ፣ ሽልንጉ ከገበያ ከወጣ በኋላም ሕዝቡ ኀምሳ ሳንቲሙን «ሽልንግ» እያለ ኖሯል። ይህን ያዘዘው አዋጅ የለም።

ህንዶች በ2010 ለሩፒ የመረጡትን ምልክት እናደንቃለን፤ የደቫናጋሪውን «ረ» ከላቲኑ «አር» ጋር ሲያዋሕድ የገዛ ፊደላቸውን አልጣለም። ለእኛም እንዲህ ያለ ይቀረጽልን የሚል ቢነሣ አንቃወምም፤ በሁለት ፊደል ለሚያልቅ ስም ግን የሚያስቸኩል አይመስለንም። የላቲኖቹ ፊደላት ለውጭ አገር ደብዳቤ ይጠቅሙ ይሆናል። ነገር ግን ሻጩም ገዢውም አማርኛ በሚያነብበት የመርካቶ ደረሰኝ ላይ፣ ሁለቱን ፊደላችንን በሁለት የላቲን ፊደላት የሚለውጥ ጸሓፊ ምን ያህል ቀለም ቆጠበ?