ጀግናውን ምን ያስጨንቀዋል?

የኮሚክ ጀግኖችን ዘመን የሚለየው ጉልበታቸው ሳይሆን ጭንቀታቸው ነው እንላለን። በፈረንጆች 1938 የወጣውን ሱፐርማን ጥይት አይበሳውም፤ ጭንቁ ለሌላው ነው። የ1962ቱ ስፓይደርማን ግን እንደኛው ተማሪ ነው፤ ኪሱ ባዶ። በ1986 የጀመረው «ዋችመን» ደግሞ ጀግናውን ራሱን ጠረጠረው።

የኛውስ? ብስራት ደበበ በ2018 ባወጣው «ጀምበር» ውስጥ አማኑኤል አዲስ አበባ ሥራ የሚፈልግ ምሩቅ ነው። ይቺንማ ጭንቀት ጅማም አሳምረን እናውቃታለን! ደራሲው እዚህ ላይ ልክ ነው። ታዲያ ልዩ ኃይል ለአንዱ ሲደርሰው የተቀረው ሥራ ፈላጊስ? በአጋሮና በሊሙ ገነት የገበሬውን ቡና ዋጋ የሚቆርጠው የሩቅ ገበያ ነው፤ በቡጢ አይመታም። ይህን ጠላት የሚሥል ብዕር ሲመጣ፣ ያኔ አዲስ ዘመን ገባ እንላለን።