«ማጠላለፍ» ወይስ «ማሰባጠር»፦ በአንድ የመገናኛ ሙያ ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

ከጎንደር በስተደቡብ ምዕራብ፣ በደምቢያ ሜዳ ላይ በምትገኘው ቆላ ድባ የሚያስተምሩ አንድ የፊዚክስ መምህር፣ ስለ ዲጂታል መገናኛ በአማርኛ የተዘጋጀ የማስተማሪያ ረቂቅ እንድመለከትላቸው ሰጥተውኝ ነበር። ረቂቁ በትጋት የተሠራ ነው፤ አዘጋጁም ሊመሰገኑ ይገባል። ይሁን እንጂ አንድ ስያሜና አንድ ብያኔ ተማሪውን ከመንገድ የሚያስወጡ ሆነው ስላገኘኋቸው፣ ጉዳዩ በባለሙያዎች ዘንድ እንዲመከርበት በማሰብ ይህን አቀርባለሁ።

የተባለው ብያኔ «የቢቶች ትይዩ ማጠላለፍ ማለት በመልእክት ላይ የደረሰን ስህተት የሚያርም ዘዴ ነው» ይላል። ስያሜውን ከመመርመራችን በፊት ነገሩን እንይ። አራት የቦታ ስሞች፣ እያንዳንዳቸው በአራት ፊደል፣ በአራት ረድፍ ይጻፉ፦

ቆ ላ ድ ባ
ደ ም ቢ ያ
ጎ ር ጎ ራ
ጎ ን ደ ር

ስሞቹ እንደ ተጻፉ በየረድፋቸው ቢላኩና መብረቅ አራት ተከታታይ ፊደሎችን ቢያጠፋ፣ «ጎርጎራ» እንዳለ ሊጠፋ ይችላል፤ ተቀባዩም የሚመራበት ፍንጭ አይኖረውም። ከላይ ወደ ታች በየዓምዱ እየተነበቡ ቢላኩ ግን የሚጓዘው «ቆደጎጎ ላምርን ድቢጎደ ባያራር» ይሆናል። ከዚህ ውስጥ «ድቢጎደ» ቢጠፋ፣ ተቀባዩ ፊደሎቹን ወደ ረድፋቸው ሲመልስ ከየስሙ አንድ አንድ ፊደል ብቻ ይጎድላል፦ ቆላ–ባ፣ ደም–ያ፣ ጎር–ራ፣ ጎን–ር። አገሩን የሚያውቅ ሰው አራቱንም ያለ ችግር ይሞላቸዋል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ የጠፉት ፊደሎች ቁጥር አልቀነሰም፤ ያው አራት ነው። ዘዴው የሠራው ጉዳቱን መበተን ብቻ ነው። የሚያርመው ሌላ ነው፦ በምሳሌአችን የአንባቢው የቦታ ዕውቀት፣ በመሣሪያ ዘንድ ደግሞ የስህተት ማረሚያ ኮድ። ሪቻርድ ሃሚንግ በ1950 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ኮድ ለ4 የመልእክት ቢቶች 3 መፈተሻ ቢቶች ጨምሮ፣ ከ7ቱ አንዱ ቢሳሳት ያርማል፤ ሁለት ሲሳሳቱ ግን ማረም ይሳነዋል። ስለዚህ ተከታታይ ስህተት በአንድ ቃል ላይ እንዳይከመር አስቀድሞ የሚበትን ረዳት ያስፈልገዋል። ረቂቁ ይህን ረዳት ከአራሚው ጋር አንድ አድርጎታል። ሁለተኛ፣ አበታተኑ በሥርዓት የሚከናወንና ተመልሶ የሚፈታ ነው፤ ስለሆነም «ማደባለቅ» ሊባል አይችልም።

«ማጠላለፍ» የሚለውስ? የቃሉ ሥር «ጠለፈ» በጥልፍ ሥራ ያማረ ትርጉም አለው። ነገር ግን በዚሁ በመገናኛ ሙያ ውስጥ «መልእክት ጠለፈ» ማለት የሌላውን መልእክት በመካከል ያዘ ማለት ነው። «ተጠላለፈ» ደግሞ ሊፈታ ያልቻለ ውስብስብን፣ አልፎም እርስ በርስ መሰናከልን ያመለክታል። ተመልሶ መፈታቱ ዋና ጠባዩ ለሆነ ዘዴ ከዚህ የራቀ ስያሜ ማግኘት ያስቸግራል።

ተስማሚው ቃል በደምቢያ ገበሬ አካባቢ የሚገኝ ይመስለኛል። የግብርና ባለሙያዎች ሁለት ነገሮችን ለይተው ሰይመዋል። በአንድ ማሳ ላይ ዘንድሮ አንዱን፣ ለከርሞ ሌላውን መዝራት «ሰብል ማፈራረቅ» ነው። በአንድ ወቅት በቆሎና ቦሎቄን በየመስመሩ እያቀያየሩ መዝራት ደግሞ «አሰባጥሮ መዝራት» ይባላል። በሁለተኛው ረገድ እያንዳንዱ ሰብል ቦታው ይታወቃል፤ አጫጁም ለይቶ ይሰበስበዋል። ስለዚህ ዘዴው «ማሰባጠር»፣ ውጤቱ «ስብጥር»፣ መሣሪያው «አሰባጣሪ»፣ በተቀባዩ በኩል ያለው «ስብጥር ፈቺ» ቢባሉ አራቱም ከአንድ ሥር የወጡና ተማሪው በቀላሉ የሚያዛምዳቸው ይሆናሉ።

«ትይዩ» በሒሳብ ትምህርት የጸና ስለሆነ ይቆይ፤ ሆኖም በተራው ንግግር «ፊት ለፊት» ማለትም ስለሆነ፣ ብያኔው «በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን» የሚል ማብራሪያ ያስፈልገዋል። «ቢት» እንዳለ ቢቀር ጉዳት የለውም።

ስያሜው የጥቂት ምሁራን ጉዳይ አይደለም። በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው የሙዚቃ ሲዲ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ጭረት፣ ማለትም 4,000 ገደማ ተከታታይ ቢቶችን፣ ተቋቁሞ የሚያሰማው በማሰባጠርና በማረሚያ ኮድ ጥምረት ነው። በ1991 ዓ.ም. በአገራችን የተጀመረው የሞባይል ስልክ በተመሠረተበት የጂኤስኤም ሥርዓትም፣ የ20 ሚሊ ሰከንድ ንግግር ከ260 ቢት ወደ 456 ቢት ካደገ በኋላ 57 ቢት በያዙ 8 ክፍሎች ተከፍሎ ይሰባጠራል። ዋጋውም መዘግየት ነው፤ ተቀባዩ ክፍሎቹ ተሟልተው እስኪደርሱ ይጠብቃል። ረቂቁ ይህንንም አላነሣም።

እንግዲህ ብያኔው እንደሚከተለው እንዲታረም አሳስባለሁ፦ «የቢቶች ትይዩ ማሰባጠር፦ ተከታታይ ስህተት በብዙ ቃላት ላይ ተበትኖ ለማረሚያ ኮድ እንዲቀል፣ የቢቶችን ቅደም ተከተል በታወቀ ሥርዓት ጎን ለጎንና በአንድ ጊዜ መለወጥ፤ በተቀባዩ ዘንድ ተመልሶ የሚፈታ።» ከዚህ የተሻለ ያለው ባለሙያ ቢያቀርብ በደስታ እቀበላለሁ። የቆላ ድባው መምህር ግን በተሳሳተ ብያኔ ማስተማር የለባቸውም፤ በመልእክት ላይ የደረሰውን ስህተት ኮዱ ያርመዋል፣ በመዝገበ ቃላት የገባውን ግን ማረም የእኛ ፈንታ ነው።