ሽፍታው ወታደር ሲሆን

ከጥቂት ጊዜ በፊት እዚህ ሐዋሳ፥ ከሐይቁ ዳር በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ ሳነብ፥ ቀድሞ ያስተማርሁት አንድ ወጣት ወደ እኔ ቀረበና እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። «መምህር፥ ታላቅ ወንድሜ ከዘራፊ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ ሰው በመዝረፉ ታስሮ ነበር፤ አሁን ተፈትቶ ወታደር ልሁን ይላል። ካሳ ኃይሉም ሽፍታ ነበረ፤ ኋላ ግን ንጉሠ ነገሥት ሆነ። ታዲያ የወንድሜ ስም በውትድርና አይነጻም ይላሉ?»

ወጣቱ ካሳን ያወቀው ከልብ ወለድ መጻሕፍት ነው። ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን በ1958፥ አቤ ጉበኛ ደግሞ «አንድ ለናቱ»ን በ1961 ዓ.ም. አበርክተውልናል፤ ስለዚህም ባለውለታዎቻችን ናቸው። ነገር ግን አርእስቶቹን እንመልከት። አንዱ በንጉሡ እንባ፥ ሁለተኛው ለእናቱ አንድ በመሆኑ ተሰይሟል። በቋራ በረሃ ሸቀጡን የተነጠቀው ነጋዴስ እንባ አልነበረውምን? እናትስ አልነበረችውምን? ስለ ንጉሥ የተጻፈ መጽሐፍ በንጉሥ ቢሰየም ደራሲው አይወቀስም፤ ጥፋቱ ጀግናውን ብቻ እያየን የተዘረፈውን የምንረሳ የአንባቢዎቹ ነው።

ካሳ ከነጠቀው ገንዘብ ለድኾች ገበሬዎች እንዳካፈለ ይነገርለታል። እጁ ለጋስ ነበረ፤ ገንዘቡ ግን የሌላ ሰው ነበረ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ ግን ሽፍትነትን ራሱን ተዋጉ፤ ሰው ሁሉ ወደ አባቱ ሥራ እንዲመለስ አዘዙ፤ ወታደሩም የባላገሩን ጎተራ መጋጡን ትቶ በደመወዝ እንዲያድር ለማድረግ ሞከሩ። እንደ እኔ አስተያየት ሽፍትነታቸውን የጣሉት ዘውድ በመጫናቸው ሳይሆን በዚህ አሳብ ነው። ኋላ አገሩ ሲሸፍትባቸውና ጭፍራውን የሚመግቡበት ሲያጡ፥ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አዘረፉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠሉ። የቋራው ሽፍታ የንጉሥ ልብስ ለብሶ ተመለሰ።

ይህም በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ዋግነር የተባለው የሩሲያ የግል ጦር፥ ስድስት ወር የተዋጋ ምሕረት ያገኛል እያለ እስረኞችን ከወህኒ ቤት መለመለ። አለቃው ራሱ በወጣትነቱ በዝርፊያ ታስሮ ነበር። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ያው ጦር ፊቱን አዙሮ ወደ ሞስኮ ገሠገሠ። ምሕረት በወረቀት ይሰጣል፤ ጠባይ ግን በወረቀት አይለወጥም።

ወታደሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ ቀርበው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ፥ መሣሪያችሁን ጣሉ አላላቸውም፤ ማንንም እንዳይነጥቁና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው መከራቸው እንጂ። እኔም ለወጣቱ የመለስሁለት ይህንኑ ነው። «ልጄ፥ መንግሥት ከተቀበለው ወንድምህ ይዝመት። አስቀድሞ ግን የዘረፈውን ሰው ቤት ያንኳኳ፤ ይቅርታ ይለምን፤ የሚችለውን ያህል ይክፈል። ከዚያም በደመወዙ ይደር። የጦር ልብስ ገላን ይሸፍናል እንጂ ዕዳን አይከፍልም።»

ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ጥቂት ዝም አለና፥ «ቤቱንስ አውቀዋለሁ፤ አብሬው እሄዳለሁ» አለኝ።

እናንተም ወጣቶች፥ ስለ ጀግና ስታነቡ እንጀራው ከማን ጎተራ እንደ መጣ መጠየቅን አትርሱ።