መጀመሪያ የሚሰበረው አምፑል

መርፌ ክፍል ውስጥ ፔኒሲሊን የተወጋ ሰው መዳፉን ማከክ ሲጀምር፣ ድምፁ ሲሻክርና «ደረቴን ጨነቀኝ» ሲል፣ የብዙ ባለሙያ እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሃይድሮኮርቲሶን ነው። ልማዱ ይገባኛል፤ ሃይድሮኮርቲሶን ሰጪውን አያስፈራም። ግን ሥራ ለመጀመር ሰዓታት ይፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ድንገተኛ ብርቱ አለርጂ፣ አናፊላክሲስ፣ ደግሞ ሰዓታት አይሰጥም። በብሪታንያ በአናፊላክሲስ የሞቱ ሰዎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ መንስኤው የሕክምና መድኃኒት በሆነባቸው ዘንድ የግማሾቹ ትንፋሽ ወይም ልብ የቆመው በ5 ደቂቃ ውስጥ ነበር። በንብና በተርብ ንድፊያ 15፣ በምግብ ደግሞ 30 ደቂቃ ያህል ነው። የአለርጂ ክኒንም ማሳከኩን ያስታግሳል እንጂ ያበጠ ጉሮሮ አይከፍትም፣ የወረደ የደም ግፊት አያነሳም። የሰፋውን የደም ሥር አጥብቦ የጠበበውን የአየር ቧንቧ የሚከፍተው አድሬናሊን ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ መሰበር ያለበት የእሱ አምፑል ነው።

«ልብ ይጎዳል» የሚለው ፍርሃት ከሜዳ አልመጣም። ሳይበረዝ በደም ሥር የተሰጠ አድሬናሊን በእርግጥም የልብን ምት ያናጋል። ጡንቻ ላይ ሲወጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ለአረጋዊም ለልብ ሕመምተኛም ቢሆን በዚህች ሰዓት ከመስጠቱ ይልቅ አለመስጠቱ ያሰጋል። ባለ 1 ሚሊ ሊትሩ አምፑል 1 ሚሊ ግራም ይይዛል። ለአዋቂ ግማሹ፣ ለልጅ በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ተቀድቶ (ከአዋቂው መጠን ሳያልፍ) የጭኑ ውጫዊ ጎን መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ይወጋል፤ ማውለቅ ጊዜ ከፈጀ በሱሪው ላይ። ካልተሻለው በ5 ደቂቃ ይደገማል።

«ሽፍታ ሳላይ እንዴት ልወጋ?» የሚለው ጥያቄ ይከብዳል፤ መርፌ ፈርቶ ራሱን የሚስትም አለና። የፈራው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የልብ ምቱ ዝግ ይላል፣ ሲያጋድሙት ቶሎ ይነቃል። አናፊላክሲስ የያዘው ምቱ ይፈጥናል፣ ቢጋደምም አይመለስም። ከመቶ ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ላይ ደግሞ ቆዳው ምንም አያሳይም፤ ሽፍታ የሚጠብቅ ባለሙያ እነዚህን ያጣቸዋል። አስቀድሞ የተደረገ የቆዳ ሙከራ «ነፃ ነው» ማለቱም ዋስትና አይሆንም።

ከሁሉ የምፈራው ደግነታችንን ነው። «አየር ይግባለት» ብለን ደግፈን ወደ ደጅ ስናወጣው፣ ግፊቱ የወረደ ሰው ብድግ ሲል ወደ ልቡ የሚመለሰው ደም ድንገት ያጥራል፤ በዚያች ቅጽበት የሞቱ አሉ። ይጋደም፣ እግሩ ከፍ ይበል፤ ትንፋሽ ካጠረው እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ። ሃይድሮኮርቲሶኑ ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። አድሬናሊኑ ግን ቁልፉ ተረኛው ኪስ ባለ ቁምሳጥን ውስጥ ሳይሆን፣ ከነሲሪንጁ መርፌ በሚወጋበት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ።