ቀይ እስክሪብቶ

የእንግሊዝኛ ድርሰት እርማት መቼም አስደንጋጭ ነው። ወረቀቱ በቀይ ቀለም ተጨማልቆ ይመለሳል፤ ተማሪው ማርኩን አየት ያደርግና አጥፎ ኪሱ ይከተዋል። አለቀ። እንደገና ጻፈው የሚለው የለም።

ክርክሬ እዚህ ላይ ነው። 60 እና 70 ተማሪ በታጨቀበት ክፍል የሚያስተምር መምህር ስሕተቱን ሁሉ ልልቀም ካለ ያብዳል። አንዱን ይምረጥ። የኛ ልጆች ለምሳሌ «ኦልዞ» ብለው በጀመሩት ዓረፍተ ነገር መሀል «በት»ን ይጨምሩበታል። ድንቁርና እንዳይመስላችሁ! በአማርኛ «ምንም እንኳ ቢደክመኝም ግን መጣሁ» ብንል ማን ይቆጣናል? እንግሊዝኛው ከሁለቱ አንዱ ይበቃዋል። ይህችን አስረድቶ «በል፣ ድጋሚ ጽፈህ አምጣ» ማለት ከሃምሳ ቀይ ጭረት ይሻላል። ያልታረመ ስሕተት ይለመዳል የሚሉ አሉ። ያልተነበበ እርማትስ ምን ይፈይዳል?

በርግጥ መምህሩ ብቻ አይወቀስም። የ1986ቱ ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደነገገ፤ የእንግሊዝኛው ብሔራዊ ፈተና ግን ለዓመታት ከምርጫዎቹ አንዱን ፊደል ማጥቆር ሆኖ ኖሯል። ለማጥቆር ማን ድርሰት ያለማምዳል? ልጁ አንድ አንቀጽ ሁለቴ ሳይጽፍ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ አምጣ ይባላል፤ ያውም በእንግሊዝኛ። አንዳንዱ ታዲያ ከፍሎ ያስጽፋል። አማካሪው ሲያነበው የማን እጅ እንዳልሆነ ይገባዋል፤ ፈርሞ ያሳልፈዋል።