«ሁሉ» እና ተመሳሳይ የተባሉ ቃላት፦ በእንግሊዝኛ የቃላት መልመጃ ላይ የቀረበ ሒስ

የእንግሊዝኛ የቃላት መልመጃዎች «ኦል»፣ «ሆል»፣ «ቶታል» እና «ፉል» የተባሉትን በአንድ ረድፍ ደርድረው «ተመሳሳይ ቃላት» በማለት ያልፏቸዋል። ተማሪውም አንዱን በሌላው ሲተካ ይሳሳታል። ስሕተቱ ግን ከተማሪው ይልቅ የመልመጃው ነው።

«ኦል» በብዙ ቍጥር ሲነገር ከተቈጠሩት አንዱንም አያስቀርም፤ «ሆል» አንዱን ነገር ሳይከፈል ይይዛል፤ «ቶታል» የተደመረውን ይገልጣል፤ «ፉል» መያዣው መሙላቱን ያመለክታል። አማርኛችንም ልዩነቱን ያውቃል፦ ተማሪዎቹ ሁሉ፣ መላው ክፍል፣ ጠቅላላ ወጪ፣ ሙሉ እንስራ እንላለን እንጂ «ሙሉ ተማሪዎች» አንልም።

ቃል ከዐረፍተ ነገሩ ተነጥሎ ሊመዘን እንደማይችል የውጫሌ ውል ምስክር ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል፣ በ17ኛው አንቀጽ፣ «ሁሉ» የሚለው አሳብ በአማርኛውም በጣልያንኛውም ጽሑፍ አልጐደለም። ነገር ግን አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ውጭ ጉዳያቸው ሁሉ በኢጣልያ አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ጣልያንኛው «ተስማምተዋል» አለ፤ ኢጣልያም ይህን እንደ ግዴታ ቈጠረችው። «ሁሉ» በአንዱ ግሥ ፈቃድ፣ በሌላው ግዴታ ሆነ። ጠቡም በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በጦር ተለየ።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቃል ከስሙና ከግሡ ጋር በዐረፍተ ነገር ውስጥ ይሰጥ። መምህሩም «ትርጉሙ ምንድን ነው?» በማለት ብቻ ሳይወሰን፣ «ከየትኛው ቃል ጋር ይሄዳል?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።