ዝሆኑ ቤት ላይ ቀረ

ስለ ጨንቻ የሚጻፉ የጉብኝት ጽሑፎች የዶርዜን ቤት «ዝሆን ይመስላል» ብለው ያልፋሉ። ሂሳችን እዚህ ላይ ነው። ይህ የቀርከሃ ቤት፣ ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ በአገሩ ይኖር የነበረው ዝሆን መታሰቢያ ነው።

ያው ጸሐፊ ቁልቁል ወርዶ ነጭ ሳርን ሲያወድስ የሜዳ አህያውን ያያል፣ ሰውን ይዘላል። 514 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲቋቋም ዋናው ዓላማ ቆርኬን ማዳን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ለፓርኩ ሲባል በመቶ የሚቆጠሩ የጉጂ ቤቶች ተቃጠሉ። ታዲያ ቆርኬው በዛ? ኧረ መነመነ እንጂ!

በጋሞ ደጋ ግን ቅዱሳን ደኖች ያለ አጥር፣ በ«ጎሜ» ክልከላ ኖረዋል፤ ዛሬ እነሱም እየሳሱ ነው። ይህን የሚጽፍ የት አለ? ሰውን የሰረዘ የተፈጥሮ ውዳሴ ለእኛ ግማሽ ጽሑፍ ነው።